«ዶላር ጨመረ» ለሁሉም ዕቃ አይሠራም

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ለማንኛውም ጭማሪ አንድ መልስ ይዘናል፤ «ዶላር ጨመረ»። ለጫማውም፣ ለስልክ ሽፋኑም፣ ከዝዋይ ለመጣው ቲማቲምም ሳይቀር። እኛ ነጋዴዎች ይህን መልስ መተው አለብን፤ ግማሹ እውነት አይደለምና።

ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያ ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ ነሐሴ ላይ መቶ ተሻገረ። ግን በ57 ብር ዶላር ያገኝ የነበረው ማን ነው? ኤልሲ ከፍቶ ወራት የሚጠብቅ አስመጪ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ የሚገዛው መንግሥት፣ መድኃኒት አስመጪው። ከዱባይ ልብስ፣ ከናይሮቢ መለዋወጫ የምናመጣው ግን አብዛኞቻችን ዶላሩን የምናገኘው ከጥቁር ገበያ ነበር። እዚያ ደግሞ ከሐምሌ 22 በፊትም መቶ ብር አልፏል፤ ዕቃችንን የተመንነውም በዚያው ሒሳብ ነው። ባንኩ እኛ ያለንበት ቦታ ሲደርስ የእኛ ወጪ በእጥፍ ጨመረ ማለት እንዴት ይቻላል?

«ቀረጡስ?» የምትሉ ትክክል ናችሁ። ቀረጥና ታክስ የሚሰላው በባንክ ተመን ነው። አሥር ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ውሰዱ፤ ዶላሩን በ115 ብር ገዛችሁት እንበል፣ ቀረጥና ታክሱ ተደማምሮ የዋጋውን ግማሽ ነው እንበል። ባንኩ 57 ብር ሳለ ዕቃው 1150፣ ቀረጡ 285፣ ድምሩ 1435 ብር ነበር። ባንኩም 115 ሲገባ ቀረጡ 575፣ ድምሩ 1725 ብር ይሆናል። ጭማሪው ሃያ በመቶ ነው። ነዳጁንና የጫኝ አውራጁን ጨምሩበት። ከዚያ በላይ የጨመረ ሰው ግን ዶላርን ምክንያት አያድርግ። በኬላ ሳያልፍ የገባ ዕቃ ላይ የተጨመረውማ ጭራሽ ምክንያት የለውም።

እውነተኛው ጫና ያረፈው በባንክ ዶላር ይገባ በነበረው ላይ ነው፦ በነዳጁ፣ በማዳበሪያው፣ በመድኃኒቱ። የስኳር ሕመምተኛዋ እናት በዚያ በኩል ጨምሮባት ሳለ እኛ ደግሞ በነጠላ ጫማ ላይ እንጨምርባት?

ባለሥልጣኖቹም የራሳቸው መፈክር አላቸው፤ ብር ሲረክስ ወጪ ንግድ ያድጋል ይላሉ። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ተመን ስለተቀየረ አይቸኩልም። በዚያ ላይ በ2017 የዓለም የቡና ዋጋ ራሱ ክብረ ወሰን ሰብሯል። የተለወጠው መንገዱ ነው። ወርቅን ተመልከቱ፦ በ2016 በጀት ዓመት ለብሔራዊ ባንክ የገባው አራት ቶን ገደማ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ከሠላሳ ቶን በላይ ገባ። መሬቱ በአንድ ዓመት ያን ያህል ወርቅ አላወጣም፤ በጎን ይወጣ የነበረው ነው ወደ ባንክ የዞረው። በቶጎጫሌ አድርጎ በርበራ የሚደርሰው ከብትም እንዲሁ ነው። በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ በኬላ ያልፋል፣ ሲሰፋ በጫካ።

የድሮው ተመን ላኪውንም ያጣመመው በዚሁ ልዩነት ነው። ሰሊጡን አገር ውስጥ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ውጭ ይሸጣል፣ ኪሳራውን በዚያ ዶላር ባስመጣው ዕቃ ላይ ይጭነዋል፤ ከፋዩ ሸማቹ ነው። ስለዚህ ተመኑ መለቀቁን አልቃወምም።

የምቃወመው ቀረጡን ነው። ማንም የቀረጥ አዋጅ ሳያሻሽል፣ ምጣኔው ባለበት ሆኖ፣ በብር የምንከፍለው በእጥፍ አደገ። የገንዘብ ሚኒስቴር ቢያንስ በልብስ፣ በጫማና በመለዋወጫ ላይ ምጣኔውን ዝቅ ያድርግ። ይህን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ በደረሰኛችን ላይ የዕቃውን ዋጋ፣ ቀረጡንና ትራንስፖርቱን ለየብቻ ጽፈን ለደንበኛ ማሳየት መቻል አለብን። ስንቶቻችን እናሳያለን?