የጉበት ትል ቆጠራ ወቅቱን ይከተል

በጣና ዙሪያ፣ በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች ክረምት ወጥቶ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ለምለም ሣር ለመንጋው ትልቅ ግጦሽ ነው። የጉበት ትልም የሚተላለፈው እዚያው ነው፤ ትሉን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ ረግረግ ይወዳልና።

በሽታው በየወረዳው ምን ያህል እንደተስፋፋ ለማወቅ የተለመደው ምርመራ በእንስሳው ዓይነ ምድር ውስጥ የትሉን እንቁላል መፈለግ ነው። እንቁላሉ ግን የሚታየው ትሉ ወደ እንስሳው ከገባ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። በጎች ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ያልጎለመሱት ትሎች ጉበታቸውን ሲበሱት ሊሞቱ ይችላሉ። በጥቅምት «ነፃ ነው» የተባለ መንጋ በኅዳር ቢያልቅ ሊያስገርም አይገባም። አርሶ አደሩ በብዛት የሚገዛው አልቤንዳዞልም የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ነው፤ ገና በጉበት ውስጥ የሚጓዘውን አይደለም።

የቄራ ምርመራ ጉበቱን ከፍቶ ስለሚያይ የተሻለ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ቄራ የሚደርሰው ለሽያጭ የበቃ ከብት ነው፣ የከሳው ከደጅ አይወጣም። በሬው ከየት እንደመጣ ካልተጻፈም የተጣለው ጉበት የየትኛውም ወረዳ ቁጥር አይሆንም።

ስለዚህ ወረዳዎች አንድ ጊዜ በተወሰደ ናሙና «ሥርጭቱ ዝቅተኛ ነው» ብለው የመድኃኒት ዕቅዳቸውን ባይቀንሱ ይሻላል። በአንድ ቀበሌ በመስከረምም በጥርም ናሙና ይወሰድ፤ በመስከረም የታጣው እንቁላል በጥር ሊገኝ ይችላል። በግ ሲሞትም አርሶ አደሩ በዕለቱ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ይንገር፣ ሳይቀበር ጉበቱ ይታይ። ቄራዎችም በመዝገባቸው ላይ ከብቱ የመጣበትን ቀበሌ የሚያሳይ አንድ ዓምድ ቢጨምሩ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም።