«ሳይንስ ያልደረሰበት ብርሃን»? ማን ጠይቆት ነው?

ቪዲዮው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሌሊት ነው፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ከግቢው በር በላይ ክብ ብርሃን ብቅ ትላለች፣ ትንሽ ትንሳፈፋለች፣ ድንገት ትፈጥንና በእንሰቱ በኩል ትሰወራለች። ከሥሩ የሚጻፈው ሁሌ ያው ነው፦ «በሴኩሪቲ ካሜራ የተቀረጸ! ሳይንስ ሊያብራራው ያልቻለ!» ቦታው አንዴ ሆሳዕና ነው፣ አንዴ ዱራሜ፣ አንዴ ሾኔ። ብርሃኗ ግን ያችው ናት።

ለመሆኑ ሊያብራራው ያልቻለው ሳይንስ ማን ነው? ቪዲዮውንስ ማን ወሰደለት? ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሆሳዕና ነው፤ ዱራሜም ካምፓስ አለው። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ አለ። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እንዲህ ብሎ የሚለጥፍ ሰው ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መደወሉን አይነግረንም። ሳይንስ መጥሪያ ሳይደርሰው በሌለበት ተፈረደበት ማለት ነው።

ቢጠየቅ መልሱ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ካሜራው ሌሊት የሚያየው በራሱ መብራት ነው። በሌንሱ ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች የሰው ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ፤ ካሜራው ደግሞ ተመልሶ የሚመጣውን ይቀበላል። አንዲት የእሳት እራት ከሌንሱ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታልፍ፣ 10 ሜትር ርቆ ካለው የግቢ በር ይልቅ 10,000 እጥፍ የበረታ ብርሃን ያርፍባታል። ርቀቱ 100 እጥፍ ሲያንስ የብርሃኑ ጥንካሬ በ100 ጊዜ 100 ያድጋልና። በዚያ ላይ ሌንሱ የተስተካከለው ለሩቅ ነው። ቅርቡ ያለውን ነገር አጥርቶ ስለማያይ ክንፏንም እግሯንም ደፍጥጦ ክብ ብርሃን ያደርጋታል። ጨለማ ውስጥ እያንዳንዱ ምስል ለመነሳት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ፈጥና ካለፈችም እንደ ዱላ ትረዝማለች። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የሚወጡት ክንፋም ነፍሳት፣ የክረምት ጉም፣ የበጋ አቧራ፣ ሌንሱ ላይ የተዘረጋ የሸረሪት ድር፣ ሁሉም የየራሱን «ተአምር» ይሠራል።

ማረጋገጫው አንድ ብር አያስወጣም። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤ በሚቀጥለው ሌሊት የካሜራውን ኢንፍራሬድ አጥፍቶ የግቢውን አምፖል ማብራት፤ ከቅያሱ ማዶ ያለው ሱቅ ካሜራ ካለው የዚያኑ ደቂቃ ማየት። ብርሃኗ በአንዱ ካሜራ ብቻ ከታየችና በሌላው ከሌለች፣ ያለችው ሰማይ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ካሜራ አፍንጫ ሥር ነው።

ይሄ የጨዋታ ጉዳይ የሚመስለው ዘበኛው እስኪመጣ ድረስ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ የማያውቅ የለም። ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አጠገቡ የለም፤ ግቢውን የሚያየው ጆሃንስበርግ ሆኖ በስልኩ ነው። ብርሃኗን ያያል፤ ይደውላል። «ሌሊት ግቢ ውስጥ ምን ነበር?» «ምንም አላየሁም ጋሼ።» ዘበኛው እውነቱን ነው። ካሜራውም እውነቱን ነው። አንዱ ኢንፍራሬድ ያያል፣ ሌላው አያይም። ይህን የሚነግራቸው ሰው ከሌለ ግን ዘበኛው ወይ እንቅልፋም ወይ ውሸታም ወይ ከሌባ ጋር የተስማማ ሆኖ ከእንጀራው ይባረራል። ብርሃኗ የመጣችው በጎረቤት አጥር በኩል ከሆነ ደግሞ የባሰ አለ። መተት ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል። አጥሩ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ከሆነ ጣት ለመቀሰር ማን ይቸገራል? «ሳይንስ ሊያብራራው ያልቻለ» ብሎ የጻፈው ልጅ ያኔ ተመልካች እየቆጠረ ነው።

በሰማይ የሚታየው ሁሉ የእሳት እራት ነው ማለት ግን አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚቃጠሉ ነገሮች ሲያልፉ ብዙ ሰው በስልኩ ቀርጿል። ጊዜው አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት የሚንቀጠቀጥበት ስለነበር ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲው ነገሩ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም ከጠፈር የገባ አለት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ሁለቱን ለመለየት ጊዜ መቁጠር ይረዳል። ተወርዋሪ አለት በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ ስለሚገባ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። የሳተላይት ወይም የሮኬት ቁራጭ ግን በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ እየተቆራረሰ ሲጓዝ ሊታይ ይችላል። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ከዚያ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ታኅሣሥ 21፣ 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ማኩዌኒ ውስጥ መንደር ላይ ወድቆ ነበር። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ ከሮኬት የተለየ ክፍል መሆኑን ገለጸ። በዚያው ጥር ቬነስም ከምሽት ሰማይ ሁሉ ደምቃ ትታይ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ በገፍ የሚመጠቁት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው ያልፋሉ።

ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ካሜራው 02:10 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው፤ ለጣፊው ግን «ሁለት ሰዓት ላይ» ይላል። ሰዓቱ ያልተስተካከለ መቅጃ ከቻይና እንደመጣ ከሆነ ደግሞ 5 ሰዓት ይቀድማል። ከዚያ ቪዲዮው በስልክ ከስክሪኑ ላይ ይቀረጻል፤ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት ጥግ ይቆረጣል፤ መዝሙር ወይም የሚያስፈራ ሙዚቃ ይጫንበታል። ዋናው ቅጂ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ በላዩ ይቀረጽበትና ይጠፋል። ማስረጃውን እንዲህ አድርጎ ካጠፉ በኋላ «ሊብራራ አልቻለም» ማለት ምን ይባላል?

የሱቅ ካሜራ ቀልድ አይደለም። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አለት ሰማይ ላይ ሲፈነዳ፣ በተሰባበረ መስታወት የተነሳ በአብዛኛው ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው ተጎዳ። አለቱ ከየት አቅጣጫ መጣ ለሚለው በቀናት ውስጥ ስሌት የተሠራው መኪኖች ላይ ከተገጠሙና ከሴኩሪቲ ካሜራዎች በተገኘ ምስል ነው። አደባባይ ላይ የቆሙ የመብራት ምሰሶዎች ጥላ እንዴት እንደዞረ ሳይቀር ተለክቷል። እነዚያ ካሜራዎች ሰዓታቸው ይታወቅ ነበር፤ ቅጂውም አልተቆራረጠም።

የተማረውም ወገን ነጻ አይወጣም። ቪዲዮው ሲመጣ ስቆ «መሃይም» ብሎ ያልፋል። የፊዚክስ ዲግሪ ያለው ሰው የእሳት እራትን ጉዳይ በሦስት መስመር ጽፎ ለመለጠፍ ከብዶት መሳደብ እንዴት ቀለለው? የደነገጠው ሰው ስድቡን ይዞ ወደሚያቅፈው ይሄዳል፤ የሚያቅፈው ደግሞ ቤቱን ከክፉ መንፈስ ለማጽዳት ሒሳብ ቁጥር የሚልከው ሊሆን ይችላል። ጸልዩ በሚል ሰው ላይ ጠብ የለም። ለመጸለይ ግን የእሳት እራት አያስፈልግም።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አንድ የቴሌግራም ቁጥር ከፍቶ «ዋናውን ቅጂ ከነሰዓቱ ላኩ፣ መምህራንና ተማሪዎች አይተው ይመልሳሉ» ቢል ምን ያጣል? ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ የት ይገኛል? ከመቶ ቪዲዮ ዘጠናው ነፍሳትና አቧራ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ይውጣ። የቀረው ካለ ያኔ «አልታወቀም» ይባላል፤ ማን እንዳየው፣ በምን እንደለካው ተጽፎ። እስከዚያው ባለቤቱ ዘበኛውን ከማባረሩ በፊት ሌንሱን ያስጠርገው።