ጨዋ ደጋፊ ማን ነው?

እኛ የኳስ ሰዎች «ጨዋ ደጋፊ» የምትለዋን አባባል በጣም እንወዳታለን። ድንጋይ ካልወረወረ፣ ወንበር ካልሰበረና ሜዳ ካልገባ ደጋፊው ጨዋ ነው ተብሎ ይጨበጨብለታል። እኔም በዘገባዬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላስታውስም። ዛሬ ግን ይህችን ቃል ራሷን ሜዳ አስገብቼ ልፈትሻት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው፤ በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ። በእንግዳው ቡድን የግራ መስመር ላይ አንድ ፈጣን ልጅ ነበር። መልኩ ጠቆር ያለ ነው። ተከላካያችንን ሁለቴ አታልሎ ሲያልፍ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ «ያዘው ይሄን ባሪያ!» ብለው ጮኹ። ዙሪያው ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ልጁ ጎል ሲያስቆጥርብን ደግሞ ያቺ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ወጥታ የአንድ ጥግ ሙሉ ጩኸት ሆነች።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጁን ለዘገባ አነጋገርኩት። ስለ ጎሉ ጠየቅኩት። ስለ ስድቡ አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሳውም፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። እኔም «ደጋፊው ለጨዋታው ድምቀት ሰጥቶታል» ብዬ ጻፍኩ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

በሌላ ጨዋታ ላይ ያው ጎልማሳ ያንኑ ቃል ሲደግሙት ግን አላስቻለኝም። ብድግ አልኩና «እርስዎ ዘረኛ ነዎት! ኋላ ቀር!» አልኳቸው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ውጤቱስ? ሰውየው ተናደዱ፣ ጓደኞቻቸው ተነሱ፣ እኔን «ምን አገባህ?» ያለው በዛ። ስድቡም ከቅድሙ ባሰ። ተከራክሬ ሳይሆን ተጣልቼ ተሸነፍኩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ በግማሽ ፍጻሜ የደረሰችን ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የአፓርታይዱ መንግሥት ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን አላሰልፍም በማለቱ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። እኛም ሳንጫወት ለፍጻሜ አልፈን በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ከካፍ መሥራቾች አንዱ የሆኑት፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 ድርጅቱን በፕሬዝዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ አፓርታይድን ከኳስ ሜዳ ለማስወጣት ከታገሉት ግንባር ቀደሞች ናቸው። ፊፋም በ1976 ደቡብ አፍሪካን አባረረ። በዓለም መድረክ ዘረኝነትን «ውጣ!» ካሉት መካከል ነን ማለት ነው። በገዛ ሜዳችንስ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ጎልማሳውን ሻይ ቤት አገኘኋቸው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ በሰው ፊት ስላዋረድኳቸው። ሻይ አዘዙልኝ። ወሬያችን አርሴናል ሆነ። ሰውየው ከካኑ ዘመን ጀምሮ መድፈኛ ናቸው። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሳካ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ከራሽፎርድና ከሳንቾ ጋር የዘረኞች የስድብ ናዳ ሲወርድበት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

«ታዲያ ጋሼ፣ የሳካው እንዲህ ካንገበገበዎት የእኛው ልጅስ?» አልኳቸው።

«ይለያያል» አሉኝ። «ነጭ ጥቁሩን ሲሰድብ ንቀት ነው። እኛ ግን አንድ ነን፤ ሁላችንም ጥቁር። የእኛ ቀልድ ነው። ራሰ በራውን ራሰ በራ፣ አጭሩን አጭር እንል የለም? ዳኛውንማ ተወው!»

«ራሰ በራ የተባለው ሰውዬ ግን አያቱ በመላጣነታቸው ገበያ ወጥተው ተሸጠዋል?»

ዝም አሉ። ይህን ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡናና ወርቅ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸጥበት ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የዛሬው ጎልማሳ አያት ያዩት ነገር ነው እንጂ የጥንት ተረት አይደለም። «ጨዋ» የምንላት ቃልም በድሮ አነጋገር ትርጉሟ ሥርዓት ያለው ማለት ብቻ አልነበረም፤ ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የማይነቀፍ ሰው ማለትም ነበር። የእኛው የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን በዘር ኩራት ያሰከሯቸው በከንቱ አይደለም፤ አገሩን ያውቁታል። አጼ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ «ቡዳ» የምትለዋ ቃል ግን ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልወጣችም።

አሸነፍኩ ብዬ ሻዬን ፉት ስል ጋሼ መልሶ ማጥቃት ጀመሩ።

«ስማ ልጄ፣ አንተስ ባለፈው ተከላካያችን ኳስ ሲያመልጠው ምን ነበር ያልከው?»

አስታወስኩት። «ገበሬ!» ነበር ያልኩት። የኳስ ቋንቋችን ነው፤ ኳስ ያልገባው ሁሉ ገበሬ ነው።

«እኔን አባቴ ማቻክል ላይ በሬ ጠምደው ነው ያሳደጉኝ» አሉኝ። «የምትበላው ጤፍ ስታዲየም ውስጥ የሚበቅል መሰለህ እንዴ?»

ንጹህ ጎል ነበረች! ኦፍሳይድ ነው ብዬ የምከራከርባት አይደለችም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ በአባቴ ሥራ ተሰድቤ አላውቅም። ስለዚህ ያቺ ቃል ለእኔ ቀልድ ነበረች። ጋሼም በመልካቸው ተሰድበው አያውቁም፤ ስለዚህ የእሳቸው ቃል ለእሳቸው ቀልድ ነበረች። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ቀልድ ነው» ብሎ ፊሽካ የሚነፋው ሁልጊዜ ያልተመታው ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጥፋቴን አመንኩ። ከዚያ በኋላ ነው በእውነት መነጋገር የጀመርነው። እንደ ዳኛ ካርድ ይዤ ብመጣ ኖሮ ሰውየው ስለ አባታቸው አይነግሩኝም ነበር።

«ዘረኛን ማባበል ነው እንዴ የያዝከው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። በመስታያ ስታዲየም በግንቦት 2023 ቪኒሲየስን በዘሩ የሰደቡ ሦስት የቫሌንሲያ ደጋፊዎች ከዓመት በኋላ የስምንት ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል፤ ሕግ የራሱን ሥራ ይሥራ። ተሰዳቢውም ረጋ ብለህ አስረዳ ሊባል አይገባም። የዚያ የግራ መስመር ልጅ ሥራ ኳስ መጫወት ነው፤ የእኛን ትምህርት ቤት መክፈት አይደለም። ረጋ ብሎ የማስረዳት ዕዳ የእኛ የማንሰደበው ሰዎች ነው። የማያመን እኛን ነዋ! ቁጭ ብለን ሻይ ለመጠጣት ጊዜ ያለን እኛ ነን።

ኡመድ ኡክሪና ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነስተው የዋሊያዎቹን ማልያ ሲለብሱ «የእኛ ልጆች» ብለን ጨፍረናል። የእኛ ልጅነት በብሔራዊ ቡድን ማልያ ተጀምሮ ማልያው ሲወልቅ የሚያበቃ ከሆነ ግን ምኑን የእኛ ሆኑ?

ጋሼ «ልክ ነህ» ብለው አልሸኙኝም። «ስታዲየም ቤተ ክርስቲያን አይደለም» እያሉ ነው የተለያየነው። በቀጣዩ ጨዋታ ግን ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ወጣት ያቺን ቃል ሲያወጣ ዞር ብለው አዩትና «ቁጥር የለውም እንዴ? ቁጥሩን ጥራ!» አሉት። ወጣቱ አፍሮ «ሰባት ቁጥርን ያዙት!» አለ። ተከላካያችን ሰባት ቁጥርን አልያዘውም፤ በዚያ ቀን 2 ለ 1 ተሸነፍን።

በዘገባዬ ላይ ሽንፈቱን ጻፍኩ። «ጨዋ ደጋፊ» የሚለውን ግን አልጻፍኩም። ያቺን የማወጣት ያ የግራ መስመር ልጅ ተመልሶ መጥቶ ሲጫወት፣ ከጨዋታው በኋላ ስለ ደጋፊያችን ጠይቄው እሱ ራሱ ሲነግረኝ ነው።