የፊታውራሪ ድምፅ የማን ነው?

እኛ ቡና ላይ የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከተነሳ ሲኒው ይቀዘቅዛል። አንዱ «መጽሐፉን ያላነበበ በዛብህን አላወቀውም» ይላል። ሌላው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከውን እያስታወሰ «ፊታውራሪ መሸሻ በወጋየሁ ጉሮሮ ካልተቆጡ ምኑን ተቆጡት?» ይላል። በቅርቡ ከመጽሐፉ የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ ግን ሁለቱም ጠባቸውን ትተው አብረው ዘመቱበት።

የአንባቢው ሙግት ቀላል አይደለም። ከገጸ ባሕርያቱ ጉዱ ካሣን እንውሰድ። ብቻውን እያወራ ስለሚሄድ አገሬው እብድ ይለዋል። ገጹ ላይ ግን ሐሳቡ ውስጥ ስለምንገባ እብዱ እሱ ይሁን አገሬው እንጠራጠራለን። ካሜራ የሚያየው ከውጭ ነው፤ ካልተጠነቀቀ አገሬው ያየውን እብድ ብቻ ያሳየናል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ሲቆረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው እንዲህ ያለው ብቸኛ ወሬ ነው።

ትረካው በዚህ አይከሰስም፤ ለጆሮ የሚያደርሰው የደራሲውን ዐረፍተ ነገር ነው። እንዲያውም ሀዲስ ዓለማየሁ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አለመለየቱ ከንክኗቸው፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። «አለ» ሲሉ «ተናገረ» ማለታቸው ይሁን «ይገኛል» ነጥቧ ትለየዋለች። አንባቢ ቃሉን አሳስቶ እንዳይጠራባቸው እንዲህ የደከሙ ሰው መጽሐፋቸው ሲደመጥ የሚከፋቸው አይመስለኝም። ዋሽንግተን ተወልዶ አማርኛ ለሚሰማ፣ ፊደል ግን ለሚያስቸግረው ልጅማ ከትረካው ሌላ ምን መግቢያ አለው?

ድራማው ላይ ከሚሰነዘሩት አንዱን ግን አልቀበልም፤ «የፊታውራሪ ድምፅ እንዲህ አይደለም» የሚለውን። ከየት አወቅነው? ድምፁን የሰጣቸው ወጋየሁ ነው። በሀዲስ ስም የምንሟገተው ለሬዲዮው ነው ማለት ነው። ደግሞም የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ፍቅረኛዋን በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ ያለውን ነገር ዐይን ቢያየው ምን ይጎዳል? በእርግጥ እኔ በልቤ የሣልኳት ሰብለ ከተዋናይቷ ጋር አትገጥምም፤ ግን ጎረቤቴ ከሣላት ሰብለ ጋርም ገጥማ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ብዬም ትናንት ማታ መጽሐፉን ገለጥኩ። ሁለት ገጽ ሳልሄድ የሚያነብልኝ ወጋየሁ ሆነ።