ዶሴውን ሳይከፍት የተመረቀ ተማሪ

የመጀመሪያ ደረጃ የታሪክ ምንጭ ምን እንደሆነ የማይነግርህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም። ትርጉሙን ሸምድዶ ለፈተና ይጽፈዋል። አንድም የቆየ ደብዳቤ ሳይገልጥ ግን ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስበትም መጠይቅ አባዝቶ ይበትናል፣ የቀረውን ከኢንተርኔት ይሞላል።

ጭሮ ላይ ይህ ይበልጥ ያስቆጫል። በ1910ዎቹ አጋማሽ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ጨርጨርን አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ የደከሙበትን ዘመን በግለ ታሪካቸው ጽፈውታል። ምዕራፉ ለመምህር የተዘጋጀ ትምህርት ነው። ተናጋሪው ማን ነው? ገዥው ራሳቸው። መቼ ጻፉት? ከዓመታት በኋላ። ያልተሰማውስ ማን ነው? ግብር ከፋዩ የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ። የእርሱን ድምፅ ለማግኘት የግብር ደረሰኝ፣ አቤቱታና የፍርድ ቤት መዝገብ መፈለግ፣ ሽማግሌ መጠየቅም ያስፈልጋል። እዚህ ጥያቄ ላይ የደረሰ ተማሪ ምርምር ጀምሯል።

ከዚያ ፍለጋው ይመጣል። የድሮውን ፋይል “ጭሮ” በሚለው ስም ብቻ የሚፈልግ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ አሰበ ተፈሪ፣ ጨርጨር አውራጃ፣ ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት እያለ መፈለግ አለበት። ደብዳቤ ላኪና ተቀባይ አለውና አሰበ ተፈሪ የጠፋው ሐረር ወይም አዲስ አበባ፣ በብሔራዊው ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ሊገኝ ይችላል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ንባቡ ነው። የዛሬው የሂርና፣ የገለምሶና የበዴሳ ልጅ በላቲን ፊደል በሚጻፍ ኦሮምኛ ተምሮ ያደገ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይማራል። የአያቱ የመሬት ክርክር የተጻፈው በአማርኛ፣ በተጣደፈ የጸሐፊ እጅ፣ ቀኑም ፲፱፻፵፪ ተብሎ ነው። አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት መማሩ ለዚህ አይበቃም። በዑለማ ቤቶች ያሉት ጽሑፎች ደግሞ ዓረብኛ ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ግፍ ነው፤ ማንም አላስተማረውም። የእጅ ጽሕፈትና የግእዝ ቁጥር ማንበብ የምርምር ዘዴ ትምህርት አካል መሆን አለበት፤ በኮርሱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት።

የመዝገብ ቤት በርስ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፣ ለምላሹም የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ቢሆንም የትብብር ደብዳቤ የያዘን ልጅ ለብቻው ወደ መዝገብ ቤት መስደድ ተገቢ አይደለም። መምህሩ ቀድሞ ይሂድ፤ የትኛው ፋይል እንደሚታይ፣ የባለጉዳዮች ስም እንዴት እንደሚሸፈን፣ ያረጀ ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ ከሠራተኞቹ ጋር ይስማማ።

ጭሮ ላይ ያለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። የታሪክና የሕግ መምህራኑ፣ አንድን ዶሴ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የተጻፈ አሥር ገጽ፣ በመጠይቅ ሠንጠረዥ ከተሞላ ስልሳ ገጽ የላቀ ውጤት እንደሚያሰጥ ለተማሪዎቻቸው በዚህ ዓመት ይንገሯቸው።