ከቴስላው ብዛት ይልቅ የምስሉ ወጥነት

የኤም.አር.አይ. መሣሪያ ጥራት በማግኔቱ ብርታት ማለትም በቴስላ ብዛት ብቻ ይመዘናል የሚል አስተሳሰብ ይሰማል። እኛ በዚህ አንስማማም። ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ከዳር እስከ ዳር ሊታመን የሚችል ወጥ ምስል ነው።

እንደሚታወቀው ኤም.አር.አይ. ምስል የሚሠራው ከሃይድሮጂን በሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ነው። የስብ ሃይድሮጂን ድግግሞሽ ከውሃው በሚሊዮን 3.5 እጅ ያህል ያንሳል። ልዩነቱ በ1.5 ቴስላ 220 ኸርዝ ግድም፣ በ7 ቴስላ ደግሞ 1000 ኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ በ7 ቴስላ ከራስ ቆዳ ሥር ያለውን የስብ ደማቅ ምልክት ለይቶ ማጥፋት የሚቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ብርታት የሬዲዮ ሞገዱ በአንጎል ውስጥ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ሞገዶቹም እየተደጋገፉና እየተጣፉ አንዱን ሥፍራ ያደምቃሉ፣ ሌላውን ያጨልማሉ፤ የስቡም ማጥፋት በአንዱ በኩል ሲሳካ በሌላው ይከሽፋል። ተመራማሪዎች ብዙ አንቴናዎችን በየራሳቸው በመምራትና የካልሲየም ቲታኔት ትራስ ከራስ አጠገብ በማኖር ጉድለቱን ያቃልሉታል።

እንደ አብርሃ ጅራና መተማ ላሉ የቆላ ከተሞች ይበልጥ የሚታሰበው ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደው ባለ 64 ሚሊቴስላ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ዓይነት ነው። ሂሊየም አይሻም፤ በተራ የኤሌክትሪክ ሶኬት ይሠራል፤ የሞገድ ማጠሩ ችግርም የለበትም። በአንጻሩ በስብና በውሃ መካከል የሚኖረው ልዩነት 10 ኸርዝ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ስቡን በድግግሞሹ ለይቶ ማጥፋት አይሆንም፤ ምልክቱ በሚያገግምበት ጊዜ መለየት ግድ ይላል።

ሌላም ፈተና አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። የኒዮዲሚየም ቋሚ ማግኔት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ከብርታቱ በሺህ 1 እጅ ያህል ያጣል። ይህም ስብን ከውሃ ከሚለየው ልዩነት 300 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በመተማ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት አለ። መሣሪያው ድግግሞሹን ደጋግሞ ካላስተካከለ፣ ማግኔቱም በአንድ ጎኑ ብቻ ከሞቀ፣ ምስሉ ይዛባል።

ስለሆነም እንዲህ ያለ መሣሪያ ለቆላ ከመገዛቱ በፊት በቆላ ይፈተን እንላለን። ውሃና ዘይት የተሞላ የመፈተኛ ዕቃ በሚያዝያ ወር ማለዳና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንስቶ ምስሎቹን ማነጻጸር ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን የሚከብድ ሥራ አይደለም። በምስል ላይ የወደቀ ሐሰተኛ ጥላ አንዱን ሕመምተኛ ከአብርሃ ጅራ እስከ ጎንደር በከንቱ ያንከራትታል፤ መሄድ የነበረበትን ሌላውን ደግሞ ከቤቱ ያስቀረዋል።