የከባድ ጀልባ ተሳቢ ፍሬን በቁልቁለት ይመዘን

በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,000 ፓውንድ (1,360 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የፍሬኑ ዓይነት ምርጫ ግን በአመዛኙ ለባለቤቱ የተተወ ነው። ለጀልባ ተሳቢ የተለመደው በግፊት የሚሠራው የሃይድሮሊክ ፍሬን ነው፤ ጎታቹ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፣ ግፊቱም ፍሬኑን ያሲዛል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ጀልባው ወደ ውኃ ሲወርድ ለጉዳት የሚጋለጥ የኤሌክትሪክ ማግኔት በጎማዎቹ ውስጥ የለውም።

ይሁንና ረዥም ቁልቁለት ድክመቱን ይገልጣል። 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 17 ሜጋ ጁል ያህል ኢነርጂ ይለቀቃል። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተር ሲይዝ፣ ተሳቢው መግፋቱን ስለማያቋርጥ ፍሬኑ ሳይለቅ ይግላል። ተሳቢው ሲወዛወዝም ሹፌሩ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው ሊይዝ አይችልም።

በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው የሃይድሮሊክ ፍሬን ይህን ሥልጣን ለሹፌሩ ይሰጣል፤ ፓምፑም ከውኃው በላይ ሊታሰር ይችላል። ውድነቱ አይካድም። ለአጭርና ለሜዳማ ጉዞ የግፊቱ ፍሬን ይበቃል። ተራራማ መንገድ ለሚያዘወትር ግን የዋጋው ልዩነት ከቁልቁለቱ አደጋ ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባል።